የጮኸው በር

አባዬ «ከኋላ ተቀመጪ» ሲለኝ የተቆጣኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ይዘንባል። ቻምብሊ ካለው አፓርታማችን ደጅ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ከእኔና ከእሱ በቀር የሚሄድ ሰው የለም። የፊቱን በር ልከፍት እጄን ስዘረጋ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ «ከኋላ፣ ቤዛ። በቀኝ በኩል» አለኝ። ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም።

«ታክሲ ሆንክ እንዴ?» አልኩት።

አልሳቀም። አባዬ በእንዲህ ዓይነት ቀልድ የማይስቅ ሰው አይደለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ወዴት ላድርስሽ፣ እመቤት?» ይለኝ ነበር። ከኋላ ገባሁና በሩን ከሚገባው በላይ ጠንክሬ ዘጋሁት።

የዚያን ቀን ነገር ከመተረኬ በፊት ያን በር የወረወረችውን ልጅ ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜዬ ያኔም አሥራ ሰባት ነው፣ አሁንም አሥራ ሰባት ነው፤ ልጅቷ ግን ሌላ ሰው ትመስለኛለች። የተወለድኩት እዚሁ አትላንታ ነው። አማርኛ መጻፍ የተማርኩት በቤተ ክርስቲያናችን የእሑድ ክፍል ሲሆን፣ መጀመሪያ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሱብኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ መምህሬ አንብበው ሲጨርሱ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝና «ማን ጻፈልሽ?» አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ! የአስቤዛ ዝርዝር ሳይቀር አሳምሬ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ሐዘን እየጻፍኩ እጄ ደስ ሲለው ብታዩት አትፍረዱበት፤ እሱ ገና መጻፍ መቻሉ ነው የገረመው።

አባዬ ጌታቸው ይባላል። በሱዳን በኩል ተሰዶ፣ ካምፕ ውስጥ ዓመታት ቆጥሮ ነው እዚህ የደረሰው። ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲጭን ኖሮ፣ ከአራት ዓመት በፊት አንድ የተዘጋ የኑክሌር ማመንጫ የሚያፈርስ ኩባንያ ቀጠረው። ቦታው ከእኛ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ወንዝ ዳር። ሰኞ ይሄዳል፣ ሐሙስ ይመለሳል። ኮንክሪት በመሰባበር ጀምሮ፣ ማታ ማታ እየተማረ፣ የጨረር መለኪያ ይዞ ፍርስራሹን የሚመረምር ቴክኒሺያን ሆነ።

ማመንጫው የተዘጋው እኔ ሳልወለድ ነው። አሁን ትልቁን አፍርሰው፣ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው በጭነት መኪና የሚመጡ ትንንሽ ሪአክተሮች ሊተክሉበት ነው። «ለምን እዚያው? ሌላ መሬት ጠፋ?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ውሃው እዚያ አለ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ እዚያ አለ፣ አጥሩም ዘበኛውም አለ» አለኝ። «አሮጌ ቤት አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ሰው መሬቱን ይጥለዋል እንዴ?»

ትንንሾቹ ሲተከሉ እዚያው ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ መቅረት ነበር ምኞቱ። «የመጀመሪያው ሲቆም ከፊት ቆሜ ነው የማየው» ይል ነበር። ታናሽ እህቴን ሚሚን ሲያጫውታት እንኳ በላስቲክ ኩብ የሚሠራላት ሪአክተር ነው።

ኩባንያው የቤተሰብ ቀን አዘጋጀና የሠራተኛ ልጆች ስለ ቦታው አንድ ገጽ እንዲጽፉ ጠየቀ። የተሻለው በዕለቱ ይነበባል ተባለ። እኔ መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ተመረጠልኝ! አባዬ ደብዳቤውን ፍሪጁ ላይ ለጠፈው።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ግን አባዬ ተለወጠብኝ። ያን ሰሞን አንድ ቀን እራት ላይ «ነርስ አልሆንም፣ ጸሐፊ ነው የምሆነው» ብዬ ነበር፤ እሱ የሚመኝልኝ ደግሞ ነርስነቱን ነው። ሰኞ ወደ ሥራ ሄደ፤ በሐሙስ ፈንታ ዓርብ ማታ ተመለሰ። ሚሚ «ባባ!» ብላ ስትሮጥ እማዬ ከአየር ላይ ነው የቀለበቻት። «ጉንፋን ይዞታል» አለች። ለብቻው፣ በወረቀት ሳህን በላ። ለብቻው፣ ሳሎን ተኛ። እኔን ከሩቅ «እንደምን አለሽ» ብሎ አለፈኝ። አባዬ ጉንፋን ሲይዘው ይበልጥ ነው የሚያቅፈን፤ «ተካፈሉኝ» እያለ። ስለዚህ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በነርስነቱ ጉዳይ አኩርፎኛል።

እንግዲህ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ ይቺ ነች። ሁለቱን ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የአንገቱን ጠባሳ ከኋላ አያለሁ። ባለፈው መስከረም እንቅርት አስወጥቶ ነበር። «ወጣ፣ አለቀ» ብለውኛል።

ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ወንበር ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ ሰው ግን የለበትም። ጃንጥላ የያዘች ሴት ወደ መስኮታችን መጥታ፣ መብረቅ ስላለ ፕሮግራሙ ወደ ውስጥ፣ ወደ አዳራሹ መዛወሩን ነገረችን። አባዬ መስኮቱን ዘጋ። የዝናብ መጥረጊያው ሲመላለስ ይሰማኛል።

«አንቺ ግቢ» አለኝ በመጨረሻ። «እኔ ከዚህ እሰማሻለሁ።»

«ከመኪና ውስጥ?»

«ድንኳን ውስጥ እቀመጣለሁ። ማጉያው አለ አይደል?»

ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጣ። «ይሄን የጻፍኩት ለአንተ ነው። ነርስ ስላልሆንኩ አታየኝም በቃ? ካልገባህ አላነብም፤ መልሰኝ ወደ ቤት።»

በመስታወቱ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ። ያን የመግቢያ በር እንዲያልፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ሳልጽፍ ብዘለው ገጠመኙ የእኔ አይሆንም።

ከመግቢያው ላይ ሰው የሚያህል፣ የቆመ ሣጥን የመሰለ የጨረር መለኪያ አለ፤ ሠራተኞቹ «በሩ» ነው የሚሉት። ሲወጡ ብቻ ሳይሆን ሲገቡም ይለካል፤ ሰው ከውጭ የያዘው ነገር ካለ ለመለየት። ትቆሙበታላችሁ፣ እጃችሁን ከጎንና ከጎን ትከታላችሁ፣ የሴት ድምፅ ከአምስት ወደ ታች ይቆጥራል፣ አረንጓዴ ይበራል። ለእኔ አረንጓዴ በራ። ዞር ብዬ በኩርፊያዬ መሃል ፈገግ አልኩለት።

አባዬ ገባ። ቆጠራው ሳያልቅ በሩ ጮኸ።

እንደ ጭስ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ የማያቋርጥ፣ የማይተነፍስ ጩኸት ነው። ቀዩ መብራት ፊቱን አቀላው። አባዬ አልደነገጠም። ዓይኑን ጨፈነ እንጂ። ከኋላችን የተሰለፉት ቤተሰቦች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አንድ ሰውዬ ልጁን ከእኔ አጠገብ በትከሻዋ ስቦ ወሰዳት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ እኔ የእሱ ልጅ ነኛ።

የጨረር ጥበቃ ኃላፊዋ ዳያን መጣች። ሸምገል ያለች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት ናት፤ ለአባዬ ሙያውን ያስተማረችው እሷ ነች። እዚያ «ጂ» ነው የሚሉት፤ ጌታቸው ለምላሳቸው ይረዝማል።

«ጂ፣ ደንቡን ታውቀዋለህ» አለችው በእርጋታ። «በቅርብ ጊዜ ሆስፒታል ገብተህ መርፌ፣ ኪኒን፣ ምርመራ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎልሃል?»

አባዬ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ወደ እሷ።

«ኖ» አለ።

ወደ ጎን ክፍል አስገቡት። ግድግዳው መስታወት ነው፤ እኔን ከውጭ ወንበር ሰጡኝ። በእጅ የሚያዝ መለኪያቸውን ከእግሩ ጀምረው ሲያስጠጉት አያለሁ። ጫማውን አስወለቁት። ጃኬቱን አስወለቁት። ለእኔ ሲል የለበሳትን ነጭ ሸሚዝ አስወልቀው ላስቲክ ውስጥ ከተቷት። አስታጠቡት። የወረቀት ልብስ አለበሱት። መለኪያው ግን አሁንም ይንጫጫል። ወደ አንገቱ ሲጠጋ ደግሞ ጩኸቱ ተያይዞ አንድ መስመር ሆነ። አባቴ በዚያ የወረቀት ልብስ ውስጥ ትንሽ ሰው መሰለ።

እኔንም ደግመው ለኩኝ። ንጹሕ ነኝ። መኪናችንን ለኩ። አንዱ ልጅ እግር ቴክኒሺያን ሮጦ መጥቶ ለዳያን ሲነግራት ሰማሁ፤ የሾፌሩ ወንበር ላይ ትንሽ ነገር አለ።

ዳያን በሩን ገርበብ አድርጋ ነበር። «ባለፈው ሳምንት ስትወጣ አረንጓዴ ነበርክ፤ መዝገቡ ይኸው። ይሄን ሳምንት ደግሞ ፈቃድ ላይ ነህ። ታዲያ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

ፈቃድ ላይ?

ሥራ ነኝ ብሎን ነበር። ሰኞ ጠዋት ቦርሳውን ይዞ፣ የምሳ ዕቃውን ይዞ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለእማዬ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ሚሚን ነክቷታል?» አልኳት። «ዓርብ ነክቷታል ወይ? ይዞብን የመጣ ነገር ካለ እኮ...»

«አልነካትም። ደግሞ ከዓርብ በፊት ዶራቪል፣ ጋሽ ሙሉጌታ ቤት ነው የሰነበተው...» ብላ አቋረጠች።

ጋሽ ሙሉጌታ ከካምፕ ጀምሮ ጓደኛው ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው። «ዶራቪል ምን ይሠራል?»

«ስልኩን ለአባትሽ ስጪው።»

«ማሚ፣ ምን ይሠራል?»

«ስልኩን ስጪው አልኩሽ፣ ቤዛዊት!»

ሙሉ ስሜን የምትጠራው ስትፈራ ብቻ ነው። ስልኩን ዘጋሁት። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩትን ለአባዬ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ እዚህ ሲያነበው ያውቀዋል። ሌባ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚህ ቦታ አንድ ነገር አውጥቶ፣ ዶራቪል ጓደኛው ቤት ደብቆ፣ ፈቃድ ወስዶ የሚሸጥለት ሰው ሲፈልግ ከረመ ብዬ አሰብኩ። አቅፎኝ የማያውቅ ሰው ይመስል ይህን ለማመን አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

በአዳራሹ በኩል ጭብጨባ ይሰማል። ፕሮግራሙ ተጀምሯል።

ዳያን ሌላ መሣሪያ ይዛ ገባች። ከአንገቱ ፊት ለፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ይዛው ቆመች። ከዚያ ትንሿን ስክሪን አየች፣ እሱን አየች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድምጿ ተለወጠ።

«ጂ፣ ይሄ ጨረር ያለው አዮዲን ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፤ በሳምንታት ውስጥ የሚጠፋ ነገር ነው። ይሄ ማመንጫ ከተዘጋ ልጅህ ልትዳር ደርሳለች። ከዚህ የመጣ አይደለም። ወይ ትነግረኛለህ፣ ወይ እኔ ለመንግሥት ሰዎች እደውላለሁ። ከደወልኩ ቤትህ ይገባሉ። ፍራሹን፣ ልብሱን፣ የትንሿን ልጅ አልጋና አሻንጉሊት ሳይቀር ለክተው የጠረጠሩትን ይወስዳሉ። አፓርታማው በሙሉ ቆሞ ያይሃል።»

አባዬ አፉን ከፈተ። እንግሊዝኛው አልመጣለትም። ለስብሰባ፣ ለፈተና፣ ለቀልድ የሚበቃው እንግሊዝኛ ጠፋበት። «ዘ... ሚ፣ አይ...» ብሎ ቆመ። ዳያን በስልክ አስተርጓሚ እንደምታቀርብለት ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። በመስታወቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ማይ ዶተር።»

«ልጅ ናት እኮ፣ ጂ። ይሄ ለልጅ አይሆንም።»

«ሺ ሂር» አለ፤ ትስማ ማለቱ ነው። «ፕሊስ። ናው ሺ ሂር።»

አብሬው ያደግሁት ሥራ ነው። የባንክ ደብዳቤ፣ የኢንሹራንስ ስልክ፣ የሚሚ ሐኪም፤ እዚህ ያደግን ልጆች ሁላችን የቤታችን አስተርጓሚዎች ነን። ገባሁ። ልጠጋው ስል እጁን ዘረጋ። «እዚያው! ከግድግዳው አትራቂ። አትጠጊኝ።» እሱ አንዱ ጥግ ቆሟል፣ እኔ ሌላው ጥግ፤ ዳያን መሃል።

«እኔ እያልኩ አንቺ ትነግሪያታለሽ» አለኝ። «እሺ?»

«እሺ።»

«ያን ጊዜ አንገቴ ላይ የወጣው እንቅርት ብቻ አልነበረም።»

ተረጎምኩ።

«ካንሰር ነው።»

ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው። መተርጎም አያስፈልገውም ነበር፤ ዳያን ቀድማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ ግን ሥራዬ ነውና ደገምኩት። «ካንሰር» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

«ሳምባዬ ውስጥ ገብቷል። ሰኞ ዕለት ሆስፒታል የሚዋጥ ጨረር ሰጡኝ፤ በሽታውን ተከትሎ እንዲያቃጥል። ለጥቂት ቀናት ከልጅ ራቅ አሉኝ። ሙሉጌታ ጋ ተኛሁ። የኋላ ወንበር ያስቀመጥኩሽም ለዚህ ነው። ይሄን አትተርጉሚላት፤ ይሄ ለአንቺ ነው።»

እሱንም ተረጎምኩት። ማቆም አልቻልኩም። አንዴ ካቆምኩ የምሰማው እኔ መሆኔን አውቄዋለሁ።

ዳያን ቀስ ብላ ጠየቀች። «ታዲያ በሩ ላይ ስጠይቅህ ለምን ኖ አልከኝ?»

ወደ አማርኛ መለስኩለት። አባዬ እሷን አላያትም፤ ያየው እኔን ነው።

«አጠገቤ ስለነበርሽ» አለኝ።

ዳያን ትጠብቃለች። «ምን አለ?» አለችኝ።

«አጠገቡ ስለነበርኩ» አልኳት። ያን ጊዜ ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ። አባዬ አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። እያለቀስኩ አየኝ፤ ሊያነሳኝ አልቻለም። እጆቹ ሁለቱም ወደ ፊት ተዘርግተው፣ ባዶ ሆነው ሲቀሩ አየሁ። ያነሳችኝ ዳያን ናት።

ካስወለቁት ጃኬት ኪስ ጨረር መዋጡን የሚገልጸውን የሆስፒታል ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ጠዋቱን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ዳያን አነበበችው፤ በስልኳ ደውላ «ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም» አለች። ከዚያ ዞራ ያልጠበቅሁትን ቁጣ ተቆጣችው። «ስለታመምክ አይደለም። ለእኔ፣ በዚያ በር ላይ፣ ኖ አልከኝ! ይሄ ቦታ የሚቆመው ሰው እውነት ሲናገር ነው። ትልቁም ትንሹም ሪአክተር የሚጠበቀው በኮንክሪት ይመስልሃል?» ባጁን ወሰደች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ።

«ሂጂ አንብቢ» አለኝ አባዬ።

«አልችልም።»

«የመጣሁት ለዚህ ነው፣ ቤዛዬ። ያለዚያ ይሄ ሁሉ ጉድ ለምን ሆነ? እኔ እንዳልኩሽ ድንኳኑ ውስጥ እሆናለሁ።»

ሄድኩ። መድረኩ ላይ ስወጣ ሰዉ ፊቴን እያየ ይንሾካሾካል። በጎን መስኮት ነጩ ድንኳን ይታየኛል። በእኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ለሠርግና ለልቅሶ ነው። አባዬ በወረቀት ልብሱ፣ ከባዶ ወንበሮች መሃል በአንዱ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ፊቱን ወደ ማጉያው አዙሮ። ዝናቡ በዙሪያው እንደ መጋረጃ ይወርዳል። እንግሊዝኛዬን ሁለት ዓረፍተ ነገር አነበብኩና ቆምኩ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ የመጀመሪያው፣ የአማርኛው አለ። እሱን አነበብኩ።

«አባቴ የሚያፈርሰው ቤት ትልቅ ነው። ሲያፈርስ አይቸኩልም። እያንዳንዱን ድንጋይ ይለካል፤ የጸዳውን ለብቻ፣ ያልጸዳውን ለብቻ ያደርጋል። አዲሶቹ ትንንሽ ናቸው፤ የሚቆሙበትን መሬት ያጸዳው ግን የእሱ እጅ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ አንድም ሰው አልገባውም። ከጨዋነት የተነሣ አጨበጨቡ። ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ ቆመ።

ስንመለስም ከኋላ ነው የተቀመጥኩት። በመስታወቱ እየተያየን ነው ያወራነው።

«ማን ማን ያውቃል?» አልኩት።

«እናትሽ። ሙሉጌታ። የንስሐ አባታችን።» ጆሮውን አከከ። «ዶራቪል ባልትና የምትሸጠው ሴትዮም።»

«እሷም?! እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው?»

«አንቺና ሚሚ። ፈተናሽን እስክትጨርሺ ነበር እኮ። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከዚያ እንነግርሽ ነበር።»

«ብትሞትስ በሦስት ሳምንት?»

«እንዲያ ቶሎ አይገድልም፤ ጠይቄያለሁ።» ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለ። «አሁን ደግሞ ሥራዬንም ሊያሳጣኝ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሃል ይሄ ነው፤ የእኔው ደግሞ እውነተኛ እንቅርት!»

መሳቅ አልፈለግሁም ነበር። ሳቅሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተቀየረ። ዝናቡ ሲያባራ ከዚህ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር ነገረኝ። ካምፕ እያለ አባቱ ሞተዋል። ዘመዶቹ «በስደት ላይ ሐዘን አይጨመርበት» ብለው ሁለት ዓመት ደበቁት። እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው በተገኘ ቁጥር ለአባቱ ደብዳቤ ይልካል፤ አንድ ጊዜ ጋቢ ገዝቶ ልኳል። መርዶውን የሰማ ቀን መጀመሪያ የጠየቀው «ጋቢውን ማን ለበሰው?» ብሎ ነው።

«እንደዚያ ተደርጎብህ» አልኩት፣ «አንተም አደረግክብኝ?»

ዓይኑን ከመስታወቱ ወደ መንገዱ መለሰ።

«ሌላ አልተማርኩማ» አለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፤ በተለይ እናቶችና አባቶች፤ እኔ ልጅ ነኝ፣ ልመክራችሁ አልችልም። የሆነብኝን ግን ልንገራችሁ። ስትደብቁን የምናርፍ ይመስላችኋል። አናርፍም። ዝምታችሁን በራሳችን ጥፋት እንሞላዋለን። እኔ አባቴ ሲታመም አኩርፎኛል ብዬ አሰብኩ፤ ሲጠነቀቅልኝ ሌባ ነው ብዬ አሰብኩ። ፈተናዬን በደንብ ሠራሁ፣ ግን እውነቱን አውቄ ነው የሠራሁት፤ እንደምትፈሩት አልሞትኩም። ሰፈራችን ወሬው ሲደርስ ደግሞ «ኑክሌሩ ነው የበላው» ተባለ። እማዬም በልቧ እንደዚያ ታስባለች። የአባዬን ዶክተር ጠየቅኋት፤ ከዚያ ሥራ በፊት የጀመረ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ማወቅ አይቻልም አለችኝ። ስለዚህ እኔም አላውቅም እላለሁ። አላውቅም ማለት ከባድ ነው፤ ግን ከውሸት ይሻላል።

አሁን የመጨረሻውን።

ትምህርት በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት ኩባንያው አባዬን ጠራው። ባጁን መልሶ ለማግኘት በበሩ ማለፍ አለበት። የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ከፊት፣ አጠገቤ ተቀምጧል። ትልቁ ሕንፃ የለም። በቦታው ቀይ አፈር ብቻ ተደልድሎ፣ ለመጀመሪያው ትንሽ ሪአክተር ምልክት ተተክሎበታል። ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ አየሁት። ገባ። እጆቹን ከተተ። የሴትዮዋ ድምፅ ከአምስት ወደ ታች ቆጠረ።

በሩ ዝም አለ። አረንጓዴ።

ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ዳያን ባጁን በገዛ እጇ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። እኔም ዘለልኩ፣ እንደ ሚሚ። አባዬ ግን ወደ መኪናው ሲመለስ በሩ ላይ ያሳየው ፈገግታ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። ሞተሩን ላስነሳ ስል እጄን ያዘኝ። አሁን መያዝ ይችላል።

«ቆይ፣ ቤዛ። ትናንት ዶክተሯ ደውላ ነበር።»

ወደ እሱ ዞርኩ።

«መድኃኒቱን፣ ያን የዋጥኩትን ጨረር፣ ሰውነቴ አይዝም። ሳምባዬ ውስጥ ያለው አይጠጣውም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ደግመው አይሰጡኝም። ሌላ ኪኒን አለ፤ የሚያቆይ እንጂ የሚያድን አይደለም።» በመስኮቱ ወደ ቀዩ አፈር አየ። «ያ በር ዛሬም ቢጮህ ደስ ባለኝ ነበር።»

«እማዬ ምን አለች?» ብቻ አልኩት።

«ገና አልነገርኳትም። መጀመሪያ ለአንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

መንገዱን ሙሉ እንዴት እንደምንነግራት ተለማመድን። እሱ ይጀምራል፣ እኔ አስቆመዋለሁ። «አባዬ፣ ዙሪያውን አትሂድ፤ ቃሉን በለው» እለዋለሁ። እንደገና ይጀምራል። የቻምብሊ መውጫ ጋ ስንደርስ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ተናገረው።